ዶሮ ከድስት በፊት

በየሰፈራችን ያሉ ልጆች ሁሉ አንድ ቀን የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። ትምህርት ቤት ካለው የእንስሳት ጥግ፣ «ፒናት ሐይ» ከምንለው ቦታ፣ ጫጩት ወይም ድርጭት አይተው ይመጡና «እኛስ ቤት ለምን አናሳድግም?» ይላሉ። የወላጆቻችን መልስ ከቂርያት ማላኺ እስከ ገዴራ፣ ከገዴራ እስከ ያቭኔ ብዙም አይለያይም። «ዶሮ ለወጥ ነው እንጂ ለጨዋታ ነው እንዴ?» ይላሉ። አንዳንዱ አባት ይስቃል። አንዳንዷ እናት ደግሞ «እኛ የዶሮ ኩስ ስንጠርግ ያደግነው አንሶ ነው?» ትላለች።

እኛ የማኅበሩ ወጣቶች ለዘንድሮው መጽሔት ይህን ክርክር በታሪክ በኩል ለማየት ተነሣን። ጥያቄያችን ቀላል ነው። ሰው ዶሮንና ድርጭትን መጀመሪያ ወደ ቤቱ ያስገባቸው ለምንድን ነው? ሊበላቸው ነው ወይስ አብሯቸው ሊኖር? መልሱን ስንፈልግ ከታይላንድ ጀምረን፣ እዚሁ በቅርባችን ባለው በማሬሻ ፍርስራሽ በኩል አልፈን፣ እናቶቻችን በጎንደርና በትግራይ ትተውት የመጡት ቆጥ ላይ ደረስን። በመጨረሻም ዛሬ በአካባቢያችን ዶሮ ለማሳደግ ለሚያስብ ቤተሰብ ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመውን ለይተን አስቀምጠናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከጫካ ወደ ግቢ

የዛሬ ዶሮዎች ሁሉ ቅድመ አያት በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ የሚኖረው ቀዩ የዱር ዶሮ ነው። በ2022 የታተመ የብዙ አገር ተመራማሪዎች ጥናት እንደሚለው፣ እስካሁን በእርግጠኝነት ከታወቁት የቤት ዶሮ አጥንቶች ሁሉ ጥንታዊው የተገኘው በመካከለኛው ታይላንድ፣ ባን ኖን ዋት በሚባል ቦታ ነው። ዘመኑ ከዘመናችን በፊት በ1650 እና በ1250 መካከል ነው። ተመራማሪዎቹ ነገሩን ከእህል ጋር ያያይዙታል። ሰው ሩዝና ሌላ ጥራጥሬ በደረቅ መሬት ላይ መዝራት ሲጀምር፣ ማሳና ጎተራ አጠገብ የተበተነው ጥሬ የዱሩን ወፍ ከጫካ ሳበው። እንግዲህ «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» የሚለው ተረታችን ሳይንቲስቶቹን ቀድሟቸዋል ማለት ነው።

በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አውሮፓ ውስጥ የተገኙ የጥንት ዶሮ አጥንቶችን መረመረ። ዶሮ አውሮፓ የደረሰችው ከ2,800 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የሚገርመው ግን፣ ከመጀመሪያዎቹ ዶሮዎች ብዙዎቹ የቢላ ምልክት የለባቸውም፤ ሙሉ አካላቸው ለብቻው ተቀብሮ ነው የተገኘው። ከመካከላቸው ያረጁ አሉ፤ ተሰብሮ የዳነ አጥንት ያላቸውም አሉ። እግሯ የተሰበረ ዶሮ እስክትድን የሚጠብቃት ሰው ካላት፣ ያ ሰው ድስት ጥዶ እየጠበቃት አልነበረም። ዶሮ መብላት በሰፊው የተለመደው ቆይቶ፣ በሮማውያን ዘመን ነው። የሮማው መሪ ዩልዮስ ቄሳር ራሱ ስለ ጋሊያ ጦርነት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ የብሪታንያ ሰዎች ዶሮና ዝይ መብላት ነውር እንደሚመስላቸው፣ ነገር ግን ለደስታቸው ሲሉ እንደሚያሳድጓቸው ጠቅሷል። ይህ ከ2,000 ዓመት በፊት የተጻፈ ነው።

ወደ ምንኖርባት ምድር ስንመጣ፣ ከኢየሩሳሌም በስተሰሜን ቴል ኤን ናስቤ በሚባል ቦታ በ1932 አንድ ትንሽ የድንጋይ ማኅተም ተገኝቷል። ጽሑፉ የንጉሡ አገልጋይ የያአዛንያሁ መሆኑን ይናገራል። ከጽሑፉ ሥር ደግሞ ለጠብ የተዘጋጀ አውራ ዶሮ ተቀርጿል። ዘመኑ ከዘመናችን በፊት 600 ገደማ ነው። አንድ ትልቅ ሹም በየሰነዱ ላይ የሚያሳርፈው ምልክት አውራ ዶሮ ከሆነ፣ በዚያን ጊዜ ዶሮ ብርቅና የተከበረ ወፍ ነበር ማለት ነው።

ማሬሻ፣ ከእኛ ግማሽ ሰዓት

ታዲያ ዶሮ መቼ ነው የገበታ ምግብ የሆነው? የዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘው ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ነው። ከቂርያት ማላኺ በመኪና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ብትሄዱ፣ በቤት ጉቭሪን አጠገብ ማሬሻ የሚባለውን ጥንታዊ ከተማ ታገኛላችሁ። ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ጉዞ ዋሻዎቹን አይተናል፤ ስለ ዶሮዎቹ ግን ማንም አልነገረንም።

የሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማሬሻ ከተቆፈረው ከ1,000 በላይ የዶሮ አጥንት መርምረው ውጤቱን በ2015 አሳተሙ። አጥንቶቹ ከዘመናችን በፊት በ400 እና በ200 መካከል የነበሩ ናቸው። በአጥንቶቹ ላይ የቢላ ምልክት ነበረ። ሴቶቹ ዶሮዎች ደግሞ ከወንዶቹ እጥፍ ይበልጡ ነበር። ዶሮን ለማዋጋት የሚያሳድግ ሰው አውራውን ያበዛል፤ እንቁላልና ሥጋ የሚፈልግ ግን እናቲቱን ያበዛል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ፣ ሰው ዶሮን በብዛት ለምግብ ማርባት የጀመረበት እስካሁን የታወቀው ጥንታዊ ቦታ ማሬሻ ነው አሉ። ወደ አውሮፓ የተዛመተው ይህ ልማድ ከዚህ አካባቢ ሳይነሣ አልቀረም።

ልብ በሉ፤ ዶሮ በዚች ምድር ከታወቀችበት ጊዜ አንሥቶ በብዛት እስከተበላችበት ጊዜ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰው የኖረው ከዶሮ ጋር እንጂ በዶሮ አልነበረም።

ከማሬሻ በኋላም ቢሆን አውራ ዶሮ ክብሩን ፈጽሞ አላጣም። በየጠዋቱ ጸሎት ውስጥ፣ ቀንና ሌሊቱን ይለይ ዘንድ ለ«ሴኽቪ» ማስተዋል ስለሰጠ ፈጣሪ የሚመሰገንበት ቃል አለ። ብዙዎች ሴኽቪ የሚለውን አውራ ዶሮ ብለው ይተረጉሙታል። ሚሽና ደግሞ በኢየሩሳሌም ከተማ ውስጥ ዶሮ ማሳደግን ይከለክላል፤ ምክንያቱ ዶሮ ስትጭር የረከሰ ነገር አውጥታ ቅዱሱን ነገር እንዳታረክስ ነው። «ጎረቤት እንዳይማረር» የሚለው ሕግ ዛሬ በቫአድ ባይት ስብሰባ ላይ የተጀመረ የሚመስለው ካለ፣ ሥሩ ሩቅ መሆኑን ይወቅ።

ድርጭትም እንዲሁ

ድርጭትን ብዙዎቻችን የምናውቀው በዕብራይስጥ ስሙ፣ «ሰላቭ» ብለን ነው። ወላጆቻችን ግን ከኦሪት ያውቁታል። በዘጸአት ምዕራፍ 16 እና በዘኁልቁ ምዕራፍ 11 ላይ እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሳሉ ድርጭት ሰፈራቸውን እንደ ሸፈነ ተጽፏል። ነገሩ ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። ድርጭት በየዓመቱ በመጸው ከአውሮፓ ተነሥቶ ባሕሩን ያቋርጥና ደክሞት በባሕሩ ዳር ያርፋል። ከዚያም ወደ አፍሪካ ይቀጥላል፤ ኢትዮጵያም ከሚከርምባቸው አገሮች አንዷ ናት። ወላጆቻችን ወደዚህ የመጡበትን መንገድ ይህ ትንሽ ወፍ በየዓመቱ ይመላለስበታል።

ዛሬ በቤት የሚያድገው ድርጭት ግን ይህ መንገደኛው አይደለም። ዘመዱ የሆነው የጃፓን ድርጭት ነው። የእሱም ታሪክ ከዶሮ ታሪክ ጋር ይመሳሰላል። ጃፓኖች ድርጭትን ለብዙ መቶ ዓመታት ያሳደጉት ለድምፁ ነበር፤ ጥሩ የሚጮኸውን እየመረጡ ያራቡ ነበር። ለእንቁላል በብዛት ማርባት የተጀመረው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለድምፃቸው የተመረጡት ዝርያዎች ጠፉ። ከጦርነቱ በኋላ ዓለምን የሞላው የእንቁላሉ ዝርያ ነው።

የሐበሻ ዶሮና ባለቤቷ

አሁን ወደ ኢትዮጵያ እንሂድ። በምሥራቅ ትግራይ፣ በጉሎመኸዳ፣ መዝብር የሚባል ከአክሱም መንግሥት የሚቀድም ጥንታዊ መንደር አለ። አርኪዮሎጂስቷ ሕሊና ወልደኪሮስና ባልደረባዋ በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ በመዝብር የተገኘው የዶሮ አጥንት ከዘመናችን በፊት ከ800 እስከ 400 ባለው ጊዜ ውስጥ ገደማ እንደሆነ ገልጸዋል። ስለዚህ ዶሮ በሰሜን ኢትዮጵያ ተራራዎች ላይ ከማሬሻ የዶሮ ዘመን በፊት ታውቃለች። የመጣችውም ከእስያ በባሕር ንግድ እንደሆነ ይታሰባል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከ2,000 ዓመት በላይ ታሪክ የያዙት መጻሕፍት አይደሉም፤ ሴቶች ናቸው። በገጠር ቤት በሬው የአባወራው ነው፤ ዶሮዋ ግን የእማወራዋ ናት። እንቁላሉን ሸጣ ጨው፣ ጋዝና የልጆች ደብተር የምትገዛው እሷ ናት፤ ለዚህ ገንዘብ ፈቃድ የምትጠይቀው የለም። ሲጠራቀም ዶሮው በግ፣ በጉ ላም ሊሆን ይችላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለውም ለዚህ ነው።

ዶሮዎቹ የሚያድሩት ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር፣ ቆጥ ላይ ነበር። አውራ ዶሮ ሰዓት ነው፤ ድርሻው የቤተሰቡን ሁሉ ያህል የታወቀ ነው። የድብብቆሽ ጨዋታችን እንኳ ከእሱ የተወሰደ ነው። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ሲል፣ ተደባቂዎቹ «አልነጋም!» የሚሉት አውራ ዶሮ ስለሚያነጋ ነው። እዚህ የተወለድን ልጆች ጨዋታውን ተጫውተነዋል፤ ከየት እንደመጣ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር።

እናቶቻችን ዶሮን በመልኳ ይጠሩ ነበር። ገብስማ፣ ገብስ የመሰለች፤ ቆቅማ፣ ላባዋ ቆቅ የሚመስል፤ ዝግርማ፣ እንደ ጅግራ ነጠብጣብ ያላት፤ ወሰራ፣ ቅይጥ ላባ ያላት። አናቷ ላይ ላባ ያላት ጉትያ ትባላለች። አንገቷ ላባ የሌለባት መላጣ ናት። በብዙ ገበያ ቀይ ዶሮ ይወደዳል፣ ጥቁር ይረክሳል፤ ድርብ ኩክኒ ያለው አውራ ከነጠላው የበለጠ ያወጣል። ዕድሜም ስም ስም አለው፤ ጫጩቷ አድጋ እንቁላል ለመጣል ስትደርስ ቄብ ትባላለች።

ከመልክ ይልቅ ግን የሚመረጠው ጠባይ ነበር። ጭልፊት ሲያንዣብብ ጫጩቶቿን በክንፏ የምትሰበስብ፣ እንቁላሏን ታቅፋ የማትነሣ፣ ልጅ ሲነካት የማትበረግግ እናት ዶሮ አትሸጥም። እንቁላል ለማሳቀፍ ብዙዎቹ ከክረምቱ ይልቅ በጋውን ይመርጡ ነበር። መታቀፉን አልተው ያለች ዶሮ ደግሞ ለጥቂት ቀን ጎረቤት ቤት ትላካለች፤ ቦታ ሲቀየርባት ትተወዋለች። ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ሲጠራ ምርጫና እርባታ ነው። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በ2008 የሆሮ ዶሮን ዝርያ በመምረጥ ማሻሻል ሲጀምር፣ መነሻው እነዚህ የገጠር ሴቶች ያቆዩት ሀብት ነበር።

ነገር ግን ለእናቶቻችን ዶሮ ምግብም ነበረች፤ ይህን ሳንሸፋፍን መናገር አለብን። ለሰንበትና ለበዓል ዶሮ ታርዳለች፤ በሥርዓቱ ይበለታል፤ አሥራ ሁለቱ ብልት ሳይሰበር ይወጣል። በስሟ የምትታወቀውና ለሰንበት የምትታረደው በአንድ ቆጥ ላይ ያድሩ ነበር። የዚህ ዘመን ልጆች «ለማዳ» እና «ምግብ» ብለን ለሁለት የከፈልነውን ነገር እነሱ አንድ ላይ ይዘውት ኖረዋል።

ከቆጥ ወደ ሱፐር

ብዙዎቹ ቤተሰቦች በ1984 በሱዳን በኩል ለመውጣት ሲነሡ ጎረቤት እንዳይጠረጥር በሌሊት ነበር የሚወጡት። ከብት የቻለ በድብቅ ሸጠ፤ ያልቻለ ትቶ ሄደ። ዶሮ ይዞ መሄድ የማይታሰብ ነው፤ አውራ ዶሮ ምስጢር አይጠብቅም። በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከአዲስ አበባ ሲጓጓዝ፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ ለሻንጣ እንኳ ቦታ አልነበረም። እናቶቻችን ዶሮ አሳዳጊነታቸውን በሩን ዘግተው ትተውት መጡ።

የመጡበት አካባቢ ግን ዶሮ የማያውቅ አልነበረም። ቤኤር ቱቪያ በ1887 ካስቲና ተብላ ተመሠረተች፤ በ1929 ብጥብጥ ጠፍታ በ1930 ሞሻቭ ሆና እንደገና ተቋቋመች። ሞሻቮቹ በከብትና በዶሮ እርባታ ይኖሩ ነበር። ቂርያት ማላኺ ራሷ በ1951 የስደተኞች መዓባራ ሆና ነው የጀመረችው፤ ስሟንም ያገኘችው ከረዷት የሎስ አንጀለስ አይሁዶች ነው። ያን ጊዜ የ«ጽናዕ» ዘመን ነበር፤ ከ1949 እስከ 1959 ምግብ በራሽን ይታደል ነበር። እንቁላል ብርቅ ስለነበረ በቴል አቪቭ ከተማ እንኳ በረንዳ ላይ ዶሮ የሚያሳድግ ሰው ነበር። በአዳዲስ ሰፈሮችም ብዙ ቤተሰብ በቤቱ ጓሮ ጥቂት አትክልትና ዶሮ ይይዝ ነበር።

ወላጆቻችን ሲደርሱ ያ ዘመን አልፏል። እነሱ የገቡት ጓሮ ወደሌለው የፎቅ ቤት ነው። ዶሮ በሺህ እየተቆጠረ ሉል ውስጥ ይኖራል፤ ወደ እኛ የሚመጣው ታጥቦ፣ ተበልቶ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። የሉሉ ዶሮ በዓመት 300 ገደማ እንቁላል ትጥላለች፤ የሐበሻዋ ግን ከ40 እስከ 60 ብቻ። በቁጥር ቢለካ ክርክሩ ያኔውኑ ያልቃል። በቁጥር የማይለካው ነገር ግን አብሮ ጠፋ።

ለእኛ የቆረቆረን ይህ ነው። በኩፓት ሆሊም፣ በባንክ፣ በትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ለወላጆቻችን የምናስተረጉመው እኛ ነን። ገና በስምንት ዓመታችን ደብዳቤ አንብበንላቸዋል። ቀስ በቀስ ዐዋቂው ልጅ፣ ጠያቂው ወላጅ የሆነ መሰለን። ለዚህ ጽሑፍ ስንሰናዳ ግን እናቶችን ስለ ዶሮ ስንጠይቅ ነገሩ ተገላበጠ። ቄብ ምን እንደሆነች፣ ያረጀ እንቁላል እንዴት እንደሚለይ፣ ፈንግል ሲገባ ዶሮዋ አንገቷን እንዴት እንደምታዞር የምናውቀው ነገር አልነበረም። አስተርጓሚ ያስፈለገን እኛ ነበርን።

ስለ ፈንግል ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። ፈንግል እናቶቻችን በአንድ ሳምንት ቆጥ ባዶ ሲያደርግ ያዩት በሽታ ነው፤ ሳይንሱ ኒውካስል ይለዋል። በዚህች አገርም የዶሮ አርቢዎችን ሲያጠፋ ነበር። በ1940ዎቹ ኮማሮቭ የተባለ ተመራማሪ እዚሁ ክትባት ሠራለት፤ እስከ ዛሬም በሳይንስ መጻሕፍት «የኮማሮቭ ዝርያ» ተብሎ ይታወቃል። አያታችን በአማርኛ፣ የእንስሳት ሐኪሙ በዕብራይስጥ የሚያወሩት ስለ አንድ ጠላት ነው።

ዛሬ ለማሳደግ ለሚያስብ

በአካባቢያችን ጓሮ ያለው ዘመድ ያላቸው፣ ምድር ቤት የሚኖሩ፣ ወይም በማኅበረሰብ አትክልት ቦታ የሚሳተፉ ቤተሰቦች አሉ። ለእነሱ ከታሪኩም ከእናቶቻችንም የተማርነውን እንዲህ አጠርነው።

መጀመሪያ ቦታውንና ጎረቤቱን እዩ። አውራ ዶሮ በከተማ ጠብ ያመጣል፤ እንቁላል ለማግኘትም አያስፈልግም፤ ጫጩት ካልፈለጋችሁ ተዉት። ሕጉንና ክትባቱን ደግሞ ከከተማው የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። በዚች አገር ሰማይ በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ወፎች ስለሚያልፉ የወፍ ጉንፋን ቀልድ አይደለም። በሽታ አለ ሲባል ዶሮዎቹን በጣራ ሥር አቆዩ፤ መኖና ውሃውንም የዱር ወፍ አያግኘው።

ሁለተኛ፣ አንድ ዶሮ ብቻ አትያዙ። ዶሮ የመንጋ ፍጥረት ናት፤ ብቻዋን ትከሳለች። ሦስት ጥሩ መጀመሪያ ነው።

ሦስተኛ፣ እንደ እናቶቻችን ጠባይ ምረጡ። የሉሉ ነጭ ሌግሆርን እንቁላል ትጥላለች፤ ግን ድንጉጥ ናት። ሲልኪ፣ ኮቺንና ኦርፒንግተን የሚባሉት ዝርያዎች ረጋ ያሉ ናቸው፤ ልጅ ሲያቅፋቸው ይታገሣሉ። ሲልኪ ላባዋ እንደ ጠጉር ነው፤ ማርኮ ፖሎ በ13ኛው መቶ ዓመት ስለ ቻይና ሲጽፍ እንዲህ ያለ ዶሮ ጠቅሷል። ኮቺን በ1840ዎቹ ከቻይና ወደ እንግሊዝ ስትደርስ ሕዝቡ በዶሮ ፍቅር አበደ፤ በ1849 ደግሞ በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ፣ ትልቅ የዶሮ ትርኢት ተደረገ። ከዝርያው በላይ ግን እያንዳንዷን ዶሮ እዩ። ገዝታችሁ ከመምጣታችሁ በፊት አጠገቧ ቁጭ በሉ። ዓይኗ የጠራ፣ አፍንጫዋ ደረቅ፣ ላባዋ የተሟላ፣ እጃችሁን ስትዘረጉ ወደ ኋላ ብትልም ለጥሬ ተመልሳ የምትመጣዋን ውሰዱ።

አራተኛ፣ ጫጩት ከሆነች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየቀኑ ቀስ ብላችሁ ያዟት፤ ድምፃችሁን ትልመደው። ከላይ አትምጡባት። ከላይ የሚመጣ ነገር ሁሉ ለጫጩት ጭልፊት ነው።

አምስተኛ፣ ድርጭት የምትፈልጉ ከሆነ ዶሮ እንዳልሆነ እወቁ። እንቁላሉ በ17 ወይም በ18 ቀን ይፈለፈላል፤ የዶሮ ግን 21 ቀን ይፈጃል። በሁለት ወር ገደማ እንቁላል ይጀምራል፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ይኖራል። ቆጥ አይወጣም። ሲደነግጥ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለሚዘል የቤቱ ጣራ ለስላሳ ይሁን። መታቀፍ አይወድም፤ መመልከቱና መስማቱ ይበቃል፤ ጃፓኖቹም የወደዱት ለዚህ ነው። ወንዱ ከሴቶቹ ያንስ፤ ሁለት ወንዶች ባንድ ቤት ይጣላሉ። የዱር ድርጭት ግን አትያዙ፤ የዱር እንስሳት ከ1955 ጀምሮ በሕግ የተጠበቁ ናቸው።

ስድስተኛ፣ ሙቀቱን አትርሱ። በሻራቭ ቀን ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ የሌላት ዶሮ ትሞታለች። እዚህ ረሖቮት፣ በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ፣ ፕሮፌሰር አቪግዶር ካሃነር ሙቀት እንዲችሉ ብሎ ላባ የሌላቸውን ዶሮዎች አራብቶ በ2002 ዓለም ሁሉ ስለ እሳቸው ጽፏል። በቆላማው የኢትዮጵያ ምዕራብ ያለችው መላጣ አንገት ዶሮም ሙቀት የምትችለው በዚሁ ምክንያት ነው። ላባ ላለባት ለእናንተ ዶሮ ግን ጥላ ሥሩላት።

ሰባተኛ፣ ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። ሕፃናት ዶሮ አይሳሙ። ቤቱ በየጊዜው ይጠረግ። እናቶቻችን ኩስ ጠርገው ያደጉት በከንቱ አይደለም፤ ጥሩ ፍግም ይሆናል።

መጨረሻ ላይ ያስቀመጥነው ከሁሉ ይከብዳል። ዶሮ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትኖራለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን እንቁላሏ ይቀንሳል። ያኔ ምን ታደርጋላችሁ? በቤት ውስጥ ስም የተሰጣትን ዶሮ መብላት ወይም አለመብላት የየቤተሰቡ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱም በታሪካችን ውስጥ አለ። ነገር ግን ዶሮዋ ከመምጣቷ በፊት ልጆቹ ባሉበት ይወሰን። ሲሰለች ሜዳ ላይ መጣል ግን በጎንደርም፣ በብሪታንያም፣ በማሬሻም ያልታየ ክፋት ነው።

ወላጆቻችን «ለወጥ ነው እንጂ» ሲሉ እንደማይሳሳቱ ገብቶናል። እነሱ ርቦት የሚያውቅ ሰው እንደሚናገር ይናገራሉ፤ የሚበላ ነገር መጫወቻ ሲሆን ማየት ይከብዳቸዋል። እኛም ዶሮ መጫወቻ ናት አላልንም። ዶሮ ከሰው ጋር የኖረችው ከድስት በፊትም ከድስት በኋላም ነው፤ ይህን ከመጻሕፍቱ በፊት ያውቁ የነበሩት እናቶቻችን ናቸው። ሁላችንም ዶሮ ማሳደግ አንችልም፤ ሁላችንም ማሳደግ አለብን የሚልም የለም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው አዲስ ነገር ስንፈልግ በእጃችን ያለውን እንዳንጥል ብቻ እንጠንቀቅ።

ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ በኋላ አንድ ነገር እንጠይቃችኋለን። ማታ ቡና ሲፈላ እናታችሁን ወይም አያታችሁን «እዚያ የነበረችሽ ዶሮ መልኳ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቋት። መልሱን በአማርኛም በትግርኛም በስልካችሁ ቅዱት። ለሚቀጥለው ዓመት መጽሔት የዶሮ ስሞችን፣ የበሽታ ስሞችንና የእርባታ ዘዴዎችን ሰብስበን ለማውጣት አስበናል። የምትልኩልንን በደስታ እንቀበላለን፤ አባቶችም ብትሆኑ ስለ በሬው ብቻ አትንገሩን።